በስጦታው ስም

ስጦታው ከሞተ አራት ወር አልፎታል፤ ከሥራ ግን አንድም ቀን አልቀረም። ሞታ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ቢሮ፣ ጠዋት ኮምፒውተሮቹ ሲከፈቱ በአምስቱም ላይ «እንኳን ደህና መጡ፣ ስጦታው» የሚል ጽሑፍ ብቅ ይላል። ሰውየው እኮ ጊዮርጊስ ተቀብሯል። እዚህ ደግሞ ማዳበሪያ ያድላል፣ ስም ይጨምራል፣ ስም ይሰርዛል። እንዲህ ያለ ትጉህ ሠራተኛ ከወዴት ይገኛል?

ነገሩን የጀመረው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሐቁን ልናገር። ስጦታው የቢሮው የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። የማኅበሩ መረጃ ሁሉ የሚቀመጥበትን፣ ማን ገብቶ ምን መሥራት እንደሚችል የሚወስነውን ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ከካርቶን አውጥቶ ያቆመው እሱ ነው። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን አካውንት ከፍቶ፣ የራሱን የይለፍ ቃል አስመርጦ ነበር። የይለፍ ቃል ሲጽፉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ይኼ እንደ ንስሐ ነው፣ ለትዳር ጓደኛም አይነገርም እያለ ይቆጣቸዋል።

ጥር መግቢያ ላይ ታመመ። ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የመረጃ ጸሐፊዋ ሄለን ደወለችለት። ገበሬው ተሰልፎ ቆሟል፤ የእሷ የይለፍ ቃል ጊዜው አልፎበት አላስገባ ብሏታል፤ የሚያድስላት ደግሞ ከእሱ በቀር ማንም የለም። ስጦታው በዚያ ሕመሙ ላይ ሆኖ ለገበሬው አዘነና የገዛ ራሱን የይለፍ ቃል ነገራት። ለዛሬ ብቻ አላት። ያ ዛሬ ግን አላልቅ አለ። ሰውየው ሳይሰነብት አረፈ፤ የሌሎቹም የይለፍ ቃል ተራ በተራ ጊዜው አለፈበት፤ አዳሽ የለም። ዝናብ እንደመጣበት ሰው አንድ በአንድ እየሮጡ በስጦታው ስም ሥር ተጠለሉ።

መጠለሉስ ይሁን። ኋላ ግን ተመቻቸው፤ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በስጦታው ስም ማን ምን እንዳስገባ አይታወቅም፤ ሁሉም ስጦታው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ባንተአምላክ ሳይቀር በዚያው ነው የሚገባው። ሰው ሲጠይቃቸው መልሳቸው ዝግጁ ነው፤ ሙት ዓመቱ ሳይወጣ የባልደረባችንን ስም ከኮምፒውተሩ አናጠፋም ይላሉ። ምን የመሰለ ምክንያት! ማንስ ደፍሮ ይቃወማል? የስጦታው ባለቤት ወይዘሮ ሰገነት ይህን የሰማች ቀን አልቅሳ መርቃቸዋለች።

ብሩክታይት የስጦታው የመጀመሪያ ልጅ ናት። የአባቷ መርዶ የደረሳት ቢቸና ኮሌጅ የእሱኑ ሙያ ስትማር ነው። መጥታ ቀበረች፣ ተመለሰች፣ ጥቁሯን እንደለበሰች ክፍል ገባች። መምህሯ ምንይሉ ቅኔ ቤት አድጎ ኋላ ወደ ኮምፒውተር የዞረ ሰው ነው። እሱ ዘንድ መብራት ጠፋ ተብሎ ትምህርት አይቀርም፤ ተማሪውን አስቁሞ በቃል ያስወጣዋል። አካውንት እንዴት ይከፈታል፣ ለማን ምን ይፈቀዳል፣ ለማን ምን ይከለከላል፣ እንደ ዳዊት ነው የሚያስደግማቸው። የተሳሳተ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ብሩክታይት በፊት ትናደድበት ነበር፤ እየዋለ ሲያድር ግን ጣቷ ኪቦርድ ሳይነካ የሰርቨሩ ገጽ ወለል ብሎ ይታያት ጀመር።

አንድ ቀን፣ ሰው ሥራ ሲለቅ ወይም ሲሞት መጀመሪያ የሚደረገው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አካውንቱ ይዘጋል አሉት በአንድ ድምፅ። ለምን ቢላቸው አንዱ ተነሥቶ፣ ሌባ እንዳይገባበት ነው አለ። ምንይሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ለሌባው ብላችሁ አይደለም፤ ለባለቤቱ ብላችሁ ነው» አለ። «ለሞተ ሰው ፍትሐት ይደረግለታል እንጂ የሥራ ተራ አይወጣለትም።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ የብሩክታይትን ጥቁር ልብስ አየና ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቃት። እሷ ግን አልከፋትም። ቃሉን ይዛው ወጣች።

ከዚያ የትብብር ሥልጠና ጊዜ ደረሰ። ተማሪው አንድ መሥሪያ ቤት ገብቶ በተግባር ይሠራል፤ የመሥሪያ ቤቱ አለቃም ውጤት ይሰጠዋል። ያ ውጤት ካልተሟላ ምርቃት የለም። ብሩክታይት ከቦታ ሁሉ መርጣ የአባቷን ቢሮ ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም። ልብሷን ሸክፋ በአውቶቡስ ሞታ ገባች።

ባንተአምላክ እጁን ዘርግቶ ነው የተቀበላት። የጓደኛዬ ልጅ ናት፣ የእኔም ልጅ ናት ብሎ ለሠራተኛው አስተዋወቃት። ሰርቨሩ ያለበትን ጠባብ ክፍል ሲከፍትላት የአባቷ ቆብ እንዳንጠለጠላት ሚስማሩ ላይ ነበረች። ሄለን ኮምፒውተር ከፈተችላት፤ «እንኳን ደህና መጡ፣ ስጦታው» አለ። ብሩክታይት ተንሰቅስቃ አለቀሰች። ስሙን ስላላጠፋችሁት እግዚአብሔር ይስጥልኝ አለቻቸው። አዎ፣ አመሰገነቻቸው! እሷም እንደ እናቷ።

እንባዋን ጠርጋ ቀና ስትል አጠገቧ ያለውን ስክሪን አየች። እዚያም ስጦታው። ከዚያ ወዲያ ያለውም ስጦታው። ብድግ ብላ አምስቱንም ዞረቻቸው። ምንድን ነው ነገሩ ብላ ስትጠይቅ ሄለን አንገቷን ደፍታ ታሪኩን ሁሉ ነገረቻት፤ ከሆስፒታሉ ስልክ ጀምሮ።

በማግስቱ ብሩክታይት ባንተአምላክ ዘንድ ገብታ በትሕትና ለመነችው። የሁሉንም አካውንት ላድስ፣ የአባቴን ልዝጋ አለችው። እሱም በትሕትና እምቢ አላት። አሁን ማዳበሪያ የሚወጣበት ጊዜ ነው፣ ሥራ ይስተጓጎላል፣ ክረምቱ ይለፍ። ክረምቱ ካለፈ በኋላስ? ሙት ዓመቱ ይውጣ። እስከዚያው የፎቶ ኮፒውን ማሽን እንድትይዝ አዘዛት። ሰርቨር ልትማር የመጣችውን ልጅ ፎቶ ኮፒ አስያዛት! እሺ ብላ ያዘች፤ ለጊዜው።

ሳምንት ሳይሞላ አያ ጓዴ መጡ። አያ ጓዴ ከመርጡለ ማርያም መንገድ በኩል ያሉ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። አህዮቻቸውን ደጅ አቁመው የማዳበሪያ ድርሻቸውን ሊወስዱ ገቡ። ሄለን ስማቸውን ፈልጋ ብታወጣው፣ ጓዴ በሚያዝያ ወር ድርሻቸውን ወስደዋል ይላል። ሰውየው ዘለው ቆሙ። ሚያዝያን ሙሉ ታምሜ ከቤት አልወጣሁም፣ ጎረቤቴን ሁሉ ጠይቁ፣ ማሳዬ ታርሶ ዘር ይጠብቃል ብለው ማሉ፣ ተገዘቱ። ጫጫታውን ሰምቶ ባንተአምላክ ከክፍሉ ወጣ። ስክሪኑን ወደ ሽማግሌው አዞረላቸው፤ ማንበብ እንደማይችሉ እያወቀ።

«ያስገባው ስጦታው ነው፣ አያ ጓዴ» አላቸው። «ነፍሱን ይማረውና ታሞ ነበር፤ ስሙንም ወሩንም አሳስቶ ጽፎ ይሆናል። እንግዲህ የሞተን ሰው ምን ብለን እንጠይቀው?»

አያ ጓዴ ወደ በሩ ዞሩ።

«እኔ ቀብሩ ላይ ነበርኩ» አሉ። «በእጄ አፈር አልብሼዋለሁ። ነፍሱን አይማረው።»

ባዶ አህዮቻቸውን እየነዱ ሄዱ። ብሩክታይት ፎቶ ኮፒው ዘንድ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። እዚህ አገር የሞተ ሰው ስም ሲነሳ ነፍሱን ይማረው ሳይል የሚያልፍ ሰው የለም፤ የተጣላው እንኳ ይላል። አባቷን ግን አንድ ጨዋ ሽማግሌ በጠራራ ፀሐይ ረገሙት፤ ያውም ባልሠራው ሥራ። ባንተአምላክን ተከትላ ክፍሉ ገባች።

አባቴ የሞተው በጥር ነው፣ ይህ የገባው በሚያዝያ ነው አለችው። አውቃለሁ አላት። ደግሞ አልተቆጣም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። አስቀምጧት ሻይ አስመጣላትና እንደ አጎት ያስረዳት ጀመር። ሄለን የኮንትራት ሠራተኛ ናት፣ ብቻዋን ልጅ ታሳድጋለች። ሌሎቹም ቤተሰብ አላቸው። አንዲት ስህተት በስማቸው ብትገኝ ከእንጀራቸው ይፈናቀላሉ። የአያ ጓዴን ማን እንዳበላሸው እሱም አያውቅም፤ እሱ ራሱም ሊሆን ይችላል። ስጦታውን ግን ማን ያባርረዋል? ማን ደሞዙን ይቀጣዋል?

«አባትሽ ደግ ሰው ነበር፣ ልጄ» አላት። «ይኸው ሞቶም ይሸከምልናል።»

እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ብሩክታይት ሻዩን ሳትቀምሰው ተነሥታ ወጣች።

ቤት ገብታ ለእናቷ ብታጫውታት ሰገነት ተነሣችባት። የሰውየው ስም የቀረው እዚያ ቢሮ ብቻ ነው፤ ሰው አክብሮ ያቆየውን የገዛ ልጁ ልታጠፋው ነው ወይ፣ ሁለት ጊዜ ልትቀብሪው አማረሽ ወይ ብላ ጮኸችባት። የሽማግሌውን እርግማን ብትነግራትም አላመነችም፤ ያጋነነችው መሰላት። ብሩክታይት አልተከራከረችም። ሐዘንተኛ ናት፣ እናትም ናት። ብቻ ያን ሌሊት ሁለቱም ጀርባ ተሰጣጥተው አደሩ።

ቅዳሜ ሰገነት ገበያ ወጣች። ቅቤ የምትገዛው ዘወትር ከአያ ጓዴ ባለቤት ነው፤ የቆየ ትውውቅ ነው፣ አራስ ሳይቀር ይጠያየቃሉ። ዛሬ ግን ሴትየዋ ቅሉን በነጠላዋ ሸፈነችው። ለስጦታው ቤት አልሸጥም፣ ማሳችንን ጾም አሳድሮታል አለቻት፤ ሰው እየሰማ። ሰገነት ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ተመለሰች። ልጇ ፊት ቁጭ አለች።

«አባትሽን ከዚያ ቤት አውጪልኝ» አለቻት።

ብሩክታይት ወዲያው ቢቸና ደወለች። መምህር ምንይሉ ነገሩን ሁሉ አዳመጠ። ልደምስሰው ወይስ ልዝጋው አለችው። እንዳትደመስሺው አላት። ከደመሰስሽው አባትሽ በሕይወቱ የሠራው ሁሉ ባለቤት አልባ ይሆናል፤ በስሙ ቦታ ቁጥር ብቻ ይቀራል። ከዘጋሽው ግን የሠራው የእሱ እንደሆነ ይኖራል፤ ከእንግዲህ የሚጨመርበት አይኖርም። ደግሞ ተጠንቀቂ አላት፤ ያ አካውንት የሰርቨሩ ዋና ቁልፍ ስለሆነ ሌላ ዋና ቁልፍ ሳታዘጋጂ ብትዘጊው ሁላችሁም ውጭ ትቀራላችሁ። የአለቃሽንም ፈቃድ ጠይቂ። አይፈቅድም አለችው። እኔ አድርጊ አልልሽም፣ ውጤትሽ በእሱ እጅ ነው፤ አታድርጊ ብልሽ ደግሞ ይህን ሁሉ ያስተማርኩሽ ለምንድን ነው ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ሰኞ ደረሰ። ልጅቷን የምወዳት እዚህ ላይ ነው፤ ተደብቃ አልሠራችውም። ሠራተኛው ሁሉ እንደገባ ባንተአምላክን ከክፍሉ አስጠርታ በሁሉም ፊት ተናገረች። የሁላችሁንም አካውንት አድሳለሁ፣ ከዚያ የአባቴን እዘጋለሁ አለች። ባንተአምላክ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ከለከላት። ቀጥሎ ደግሞ ውጤትሽን ከማን እንደምትቀበዪ አትርሺ አላት።

«ውጤቱ የእርስዎ ነው፤ እንደወደዱ ይስጡኝ» አለችው። «ስሙ ግን የአባቴ ነው።»

የሰርቨሩን ክፍል በር ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች። በአባቷ የይለፍ ቃል ገባች፤ ማን የማያውቀው አለና! «እንኳን ደህና መጡ፣ ስጦታው» አላት ለመጨረሻ ጊዜ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ አካውንት አንድ በአንድ አደሰች። ለሥራ አስኪያጁ በራሱ በባንተአምላክ ስም ዋና ቁልፍ የሆነ አካውንት ከፈተች፤ የመጀመሪያውን የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፋ በፖስታ አሸገችው። ቁልፉ መሥራቱን ደጋግማ ሞከረች። ከዚያ የአባቷን ስም ፈልጋ አወጣች። ደምስስ የሚልና ዝጋ የሚል ጎን ለጎን አሉ። ዝጋ የሚለውን ነካች። ከሚስማሩ ላይ የአባቷን ቆብ አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ወጥታ ተዘግቷል ብትላቸው አንዱም አላመነም፤ የሁሉም ስክሪን እንዳለ ነው። በስጦታው ስም የገባችሁ እንደገባችሁ ናችሁ፤ አንዴ ከወጣችሁ ግን በዚያ ስም መመለስ የለም አለቻቸው። ባንተአምላክ ይህን ሲሰማ ነቃ።

«ማንም ከኮምፒውተሩ እንዳይወጣ!» ብሎ አዘዘ።

እንግዲህ የቢሮው ሰው ትርኢት ሆነ። ሻይ የሚጠጣ የለም፣ ከወንበሩ የሚነሣ የለም፤ ስክሪኑ እንዳያንቀላፋ ማውሷን እያሻሹ ቁጭ አሉ። አንዱ ሽንት ቤት መሄድ አምሮት እግሩን አጣጥፎ ይወዛወዛል። የሞተ ሰው ስም እንዳያመልጣቸው አምስት ሰዎች እንዲህ ሲጠብቁ አስቡት! ብሩክታይት አንድ ቃል አልተናገረችም። በርጩማ ስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እሷ የምታውቀውን ሁሉም ያውቁታል፤ በዚህ ሰሞን ረፋድ ላይ መብራት ሳትጠፋ አትውልም።

ጠፋች። አምስቱም ስክሪኖች ባንዴ ጨለሙ። ስጦታው በባትሪ ያቆመው ሰርቨር ብቻ ጠባቡ ክፍል ውስጥ ማጉረምረሙን ቀጠለ። ሄለን ሳታስበው አማተበች። ቆይታ መብራቷ ስትመለስ ኮምፒውተሮቹ ተነሥተው አምስቱም ስም ጠየቁ። ባንተአምላክ ራሱ ጎንበስ ብሎ የስጦታውን ስም ጻፈ። «ይህ አካውንት ተዘግቷል» አለው።

ውጭ ገበሬው ተሰልፏል፤ ማጉረምረም ጀምሯል። ከሰልፉ መሐል አያ ጓዴ አሉ። ሰኞ አህያዎን ይዘው ይምጡ ብላ መልእክት የላከችባቸው ሰገነት ናት፤ እሷም ጥቁር ነጠላዋን ተከናንባ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ባንተአምላክ ይህን ሁሉ ሰው አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁኑኑ መልሰሽ ክፈቺው አላት። ብሩክታይት ድምፅዋን አልቀነሰችም። የታሸገውን ፖስታ በሁለት እጇ ይዛ፣ እጅ ነሥታ ሰጠችው።

«እርስዎ ይክፈቱት፣ ጋሼ። ቁልፉ ይኸውልዎት፤ አልከለክልዎትም» አለችው። «ሰርቨሩ ግን የከፈተውን ሰው ስም ይይዛል። የስጦታውን አካውንት ከሞተ በኋላ የከፈተው ባንተአምላክ ነው ይላል።»

ባንተአምላክ ፖስታውን ተቀበለ። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ገበሬው በመስኮትም በበርም አንገቱን አስግጎ ያየዋል። አንዲት ፖስታ መቅደድ እንዲህ ትከብዳለች ብሎ አስቦ አያውቅም። ማንም እጁን አልያዘውም፤ ሊከፍተው ይችል ነበር። አልከፈተውም። ኪሱ ከተተው።

ያን ጊዜ ሄለን ወንበሯን ሳበች። ልጅ አለችኝ፣ ብሳሳት ይቅጡኝ፣ እንዲህ ግን አልቀጥልም አለችና የራሷን ስም ጻፈች። ብሩክታይት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችላት፤ ሄለን ስጦታው ትዝ አላትና እያለቀሰች አዲስ የይለፍ ቃል መረጠች። «እንኳን ደህና መጡ፣ ሄለን» አላት። ሌሎቹም ተከተሉ፤ አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱ ስሙን እንደ አዲስ እንግዳ ዓይን ዓይኑን እያየ። ሰልፉ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እስከ አያ ጓዴ ድረስ።

የሳቸውን ጉዳይ ግን ሄለን አትፈታውም፤ ወሰደ የተባለን ድርሻ መመለስ የሚችለው ሥራ አስኪያጁ ብቻ ነው። መጋዘኑ ተቆጥሮ ትርፍ ማዳበሪያ እንዳለ ከተረጋገጠ ሰንብቷል፤ የጎደለው አምኖ የሚያስተካክል ሰው ነው። ሁሉም ወደ ባንተአምላክ ዞሩ። ሽማግሌው በትራቸውን ተደግፈው ጠበቁት። በመጨረሻ ፖስታውን ከኪሱ አውጥቶ ቀደደና ተቀመጠ። ብሩክታይት ለእሱም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ለማንም እንደምታደርገው። የኪቦርዱ ድምፅ ሲያቆም ዞረች። የአያ ጓዴ ድርሻ ተመልሷል።

«ይኼንንስ ማን ጻፈው?» ብለው ጠየቁ ሽማግሌው።

«ባንተአምላክ ይላል» አለቻቸው ብሩክታይት።

«የፊተኛውንስ? እውነት ስጦታው ነው?»

ብሩክታይት ባንተአምላክን አየችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«የፊተኛውን ማን እንደጻፈው አይታወቅም፣ አያ ጓዴ» አለች። «የተጻፈው በሚያዝያ ነው፤ ቀኑን የሚይዘው ሰርቨሩ ራሱ ነው። አባዬን እርስዎ ራስዎ በጥር ቀብረውታል።»

አያ ጓዴ ወሩን በጣታቸው ቆጠሩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሰገነት ወደተቀመጠችበት ሄደው ፊቷ ቆሙ፤ እሷም ብድግ አለችላቸው።

«ነፍሱን ይማረው» አሉ። «እኔን ይቅር ይበለኝ። ስጦታውን ነፍሱን ይማረው።»

አሜን አለች ሰገነት። ሰልፉም ደጅ ሆኖ አሜን አለ።

እንግዲህ ባንተአምላክ ልቡ ተመለሰ ብዬ ብጨርሰው ደስ ይላችሁ ነበር። አልተመለሰም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በራሱ ስም እየገባ ሠራ፤ ምን አማራጭ አለው? ብሩክታይትን ግን የእግዜር ሰላምታ ነፈጋት። ሥልጠናዋን ጨርሳ ወደ ቢቸና ልትመለስ ስትል ውጤቷን ሰጣት፤ ከማለፊያው በታች ነው። ሥራ ታውቃለች፣ ለአለቃ ግን አትታዘዝም ብሎ ጽፎ፣ ሙሉ ስሙን አስፍሮ፣ ፈርሞበታል። ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ማለት ነው፤ ሌላ መሥሪያ ቤት ፈልጋ ሥልጠናውን እንደ አዲስ ልትጀምረው ነው።

ወረቀቱን ይዛ ቤት ገባች። የአባቷ ቆብ አሁን ከአልጋው ራስጌ ተሰቅላለች። ሰገነት ውጤቱን ስትሰማ ደረቷን መታች፤ ይህን ሁሉ ለፍተሽ፣ ይህን ሁሉ ደክመሽ ብላ ልታለቅስ ሆነ። ብሩክታይት አጠገቧ ተቀምጣ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ዘረጋችላት። ዓይኗ እንባ አቅሯል፣ ጥርሷ ግን ይስቃል። ከታች፣ ፊርማው ላይ፣ ጣቷን አስቀመጠች።

«እይው እማዬ» አለቻት። «ይኼን በአባዬ ስም አልጻፈውም።»